«ከገደብ በታች ነን» ሲባል፦ የፍሳሽ ሎድ ስናሰላ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

የፋብሪካ ፍሳሽ ማጣሪያ ላይ የሚሠራ ሰው የወር ሪፖርት መሙላት አይቀርለትም። ከላብራቶሪ የመጣውን ቁጥር ከተፈቀደው ገደብ ጋር ያስተያያል፣ ይፈርማል፣ ይልካል። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ሎዱ ነው። ሎድ ማለት በቀን ስንት ኪሎ ብክለት ከግቢያችን ወጣ የሚለው ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሚሊግራም በሊትር ማለት አንድ ግራም በሜትር ኪዩብ ነው። ስለዚህ የላብራቶሪውን ውጤት በቀኑ የፍሳሽ መጠን አባዝቶ ለ1000 ማካፈል ነው። ኪሎግራም በቀን ይሰጥሃል። ማባዛቱ ላይ የሚሳሳት ሰው ብዙም አይገጥመኝም። ችግሩ ያለው ከማባዛቱ በፊት እውነት ነው ብለን የያዝነው ነገር ላይ ነው።

«ሚሊግራሙ ከገደቡ በታች ከሆነ ጣጣ የለም»

ወጥ ጨው ሲበዛበት ውሃ ጠብ እናደርግበታለን። ይቀጥናል፤ ጨዉ ግን ከድስቱ አልወጣም። ፍሳሽም እንደዚያው ነው። በቀን 400 ሜትር ኪዩብ ፍሳሽ አለህ እንበል፤ ቢኦዲው (ባክቴሪያ ብክለቱን ሲበላ የሚፈጀው ኦክስጅን) 200 ሚሊግራም በሊትር። ሎዱ 80 ኪሎ ነው። ላዩ ላይ 1200 ሜትር ኪዩብ ንጹህ ውሃ ልቀቅበት። ውጤቱ ወደ 50 ይወርዳል፤ ወረቀቱ ያምራል። 1600 ሜትር ኪዩብን በ50 ስታባዛው ግን ያው 80 ኪሎ ነው። የተለወጠው ነገር ቢኖር ከጉድጓድ የተሳበው ውሃ መባከኑ ነው።

ይህ ነገር እኛ አገር ይበልጥ ያሳስበኛል። የአቃቂ ውሃ በአባ ሳሙኤል አልፎ አዋሽ ይገባል፤ የሞጆም ውሃ እንዲሁ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። አፋር ምድር ላይ አቤ ሐይቅ ጋ ያበቃል። ከቆዳ ፋብሪካ የወጣ ክሮም (ቆዳ የሚለፋበት የብረት ዓይነት) እንደ ቢኦዲ በባክቴሪያ አይበላም። ብናቀጥነውም ባናቀጥነውም ደለል ውስጥ ይጠራቀማል። የሚጠራቀመው ደግሞ ኪሎው ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤን ታውቁታላችሁ። በ2010 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለባሕረ ሰላጤው የናይትሮጅን ጣሪያ ሲያወጣ በሚሊግራም በሊትር ሳይሆን በጠቅላላ ክብደት ነው ያስቀመጠው፤ በዓመት 185.9 ሚሊዮን ፓውንድ። እዚያ ማጣሪያ ላይ የሚሠራ ሰው ፍሳሹን በሚሊዮን ጋሎን ይይዝና በሚሊግራሙ ያባዛል፣ ከዚያ በ8.34። አንድ ጋሎን ውሃ 8.34 ፓውንድ ስለሚመዝን ነው።

«የወሩን አማካይ በአማካይ ማባዛት ይበቃል»

አይበቃም። ሁለት ቀን ብቻ እንይ። ሰኞ ፋብሪካው በሙሉ አቅም ይሠራል፦ 1000 ሜትር ኪዩብ፣ 100 ሚሊግራም። ሎዱ 100 ኪሎ። እሑድ ጽዳት ብቻ ነው፦ 100 ሜትር ኪዩብ፣ 20 ሚሊግራም። ሎዱ 2 ኪሎ። ትክክለኛው አማካይ በቀን 51 ኪሎ ነው።

አሁን በአቋራጩ እንሂድ። አማካይ ፍሳሽ 550፣ አማካይ ውጤት 60። ሲባዛ 33 ኪሎ። ከሲሶ በላይ የሆነ ብክለት ወረቀት ላይ ጠፋ! ማንም አልዋሸም፤ ግን ሪፖርቱ ውሸት ሆነ። ብዙ ፍሳሽ የሚወጣበት ቀን ብዙ ብክለትም የሚወጣበት ቀን ስለሆነ ነው። መጀመሪያ የየቀኑን ሎድ አስላ፣ አማካዩን ከዚያ በኋላ አውጣ።

«የገባው ውሃ ያው የወጣው ፍሳሽ ነው»

ቢራ ፋብሪካ ብትሄድ ከገባው ውሃ ከፊሉ በጠርሙስ ወጥቶ ሄዷል፤ ከፊሉ ከቦይለሩ ተንኗል። በክረምት ደግሞ የጣሪያ ውሃ ወደ ፍሳሹ ይገባል። የገቢ ቆጣሪ ይህን አያውቅም። መለካት ያለበት መውጫው ነው።

መውጫውም ቢሆን ክትትል ይፈልጋል። ፍሳሹን የምንለካው በውሃው ከፍታ ነው፤ በ90 ዲግሪ ቪ ቅርጽ የተቆረጠ ብረት ላይ የሚፈሰው ውሃ ከፍታው 10 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በቀን ወደ 377 ሜትር ኪዩብ ነው። 11 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ወደ 478። አንዷ ሳንቲ ሜትር ብቻ 100 ሜትር ኪዩብ ታመጣለች!

አንድ ጊዜ በሠራሁበት ቦታ ለሦስት ቀን ሎዳችን ያለ ምክንያት አሻቀበ። ምርቱን ጠረጠርን፣ ማጣሪያውን ጠረጠርን። በመጨረሻ ወርጄ ሳየው ቪው ላይ ፌስታል ተጠምጥሞ ውሃውን ወደ ኋላ አቁሮታል። ሴንሰሩ የሚያየው ከፍታ ብቻ ነው፤ ብዙ ፍሳሽ እያለፈ መሰለው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መጥረጊያ ይዤ ነው የምወርደው።

«ጠዋት አንድ ጠርሙስ ከቀዳን ይበቃል»

ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ቆዳ በክሮም የሚለፋበት ድራም የሚደፋው በየሰዓቱ አይደለም። ሦስት ሰዓት ላይ የቀዳኸው ጠርሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለተደፋው ምንም አይነግርህም። ለሎድ የሚሆነው ቀኑን ሙሉ እየተቀዳ የሚጠራቀም ድብልቅ ናሙና ነው፤ ያውም ፍሳሹ ሲበዛ በዝቶ፣ ሲያንስ አንሶ የሚቀዳ። ቀድቶ እስኪያልቅ ድረስ ናሙናው 4 ዲግሪ አካባቢ ይቀዝቅዝ፤ አለበለዚያ ቢኦዲው ጠርሙሱ ውስጥ እያለ ይበላል። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ግን ለብቻው ነው፤ እዚያው በቦታው ይለካል፣ ሎድም የለውም።

«አልተገኘም ማለት ዜሮ ነው»

መሣሪያው ከ0.05 ሚሊግራም በታች ማየት ካልቻለ «አልተገኘም» ይላል። በቀን 2000 ሜትር ኪዩብ ለሚለቅ ፋብሪካ 0.05 ማለት 100 ግራም ነው። በዓመት 36.5 ኪሎ። ዜሮ ብለህ ከመጻፍህ በፊት ፈቃድህ ምን እንደሚል እይ፤ ግማሹን ያዝ የሚል አለ፣ ሙሉውን ያዝ የሚልም አለ።

«አሞኒያ አሞኒያ ነው»

10 ሚሊግራም አሞኒየም እንደ ናይትሮጅን ሲጻፍ፣ ማለትም ውስጡ ያለው ናይትሮጅን ብቻ ሲቆጠር፣ 7.8 ነው። በ2000 ሜትር ኪዩብ ላይ 20 ኪሎ ወይም 15.6 ኪሎ ይሆናል፤ ውሃው ግን አንድ ነው። ናይትሬት ላይ ይብሳል፤ 50 ሚሊግራም ናይትሬት እንደ ናይትሮጅን 11.3 ብቻ ነው። ገደቡ በናይትሮጅን ተጽፎ አንተ በናይትሬት ካሰላህ፣ ሎድህን ከአራት እጥፍ በላይ አድርገህ በራስህ ላይ መሰከርክ ማለት ነው። ላብራቶሪው ጋ ደውልና «በየትኛው ነው የጻፋችሁት?» ብለህ ጠይቅ። መልሱን ከሠንጠረዡ ዓምድ አናት ላይ ጻፈው፤ ቀጥሎ የሚሞላው ሰው እንዳይገምት።