ስፖርትና የመጠጥ ሀራራ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መጠጥ ላቆመ ሰው ምክር ሞልቷል፣ አንዱ "ሩጥ ይወጣልሃል" ይለዋል ሌላው "አርፈህ ቤትህ ተቀመጥ" ይለዋል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

"ላብህ ሲወጣ አልኮሉም አብሮ ይወጣል"

አይወጣም ባክህ። ከጠጣኸው 90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚፈጨው ጉበት ነው፣ በላብ በትንፋሽና በሽንት የሚወጣው ጥቂት ነው፣ ጉበት ደሞ ስለሮጥክለት አይቸኩልም። ሳውናም ያው ነው።

"ወንድ ልጅ በስፖርት ብቻ ያቆማል፣ ሀኪም ምን ያደርጋል"

ይሄኛው አመለካከት ሰው ይገድላል። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው ባንዴ ሲያቆም ከመጨረሻው ብርጭቆ 6 ሰዓት ገደማ በኋላ ጀምሮ እጁ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፣ እስከ 48 ሰዓት ባለው ደሞ እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል፣ ከዛ በ2ኛው በ3ኛው ቀን መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ሊመጣ ይችላል። እነዚህ ቀናት የሀኪም ናቸው እንጂ የሩጫ አይደሉም። ካለፉ በኋላም እንደ ናልትሬክሶን እና አካምፕሮሴት ያሉ መድኃኒቶች አሉ፣ የምክር አገልግሎት አለ፣ ስፖርት እነሱ ላይ ይጨመራል እንጂ አይተካቸውም።

"ሀራራ ካልጠጡለት አይለቅም"

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ሀራራ ይነሳል፣ ይጠነክራል፣ ከዛ ይበርዳል፣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳን አይሞላም። ችግሩ ያቺን ግማሽ ሰዓት የት ሆነህ ነው የምታሳልፋት ነው። አንድ ወዳጄ ከስራ ገብቶ ሶፋው ጥግ ላይ ይወሸቃል፣ ቲቪ ይከፍታል፣ ከጎኑ ያለችው ጠረጴዛ ላይ ድሮ ብርጭቆው የሚቀመጥበት ክብ ምልክት እስካሁን አለ፣ እና ዜናው ሲጀምር እጁ ሳያስበው ወደዛ ይሄዳል። እሱ ፍላጎቱ ደካማ ስለሆነ አይደለም'ኮ፣ አእምሮው ሶፋውን፣ ሰዓቱንና የዜናውን ሙዚቃ ከመጠጡ ጋር አንድ ላይ ነው የለመዳቸው። አሁን ውል ሲለው ይነሳና ደረጃውን ወርዶ ሰፈሩን አንዴ ዞሮ ይመለሳል። ጠፋልኝ አይልም፣ "ድምፁ ቀነሰ" ነው የሚለው። ስዊድን ውስጥ የመጠጥ ችግር ያለባቸውን ሰዎች 12 ደቂቃ ብቻ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት አስነድተው ሲለኩ በአማካይ ሀራራቸው ቀንሶ ነው ያገኙት። ለእድሜ ልክ ነው አላሉም፣ ለዛች ሰዓት ነው፣ ግን የሚያስጠጣውም የዛች ሰዓት ነገር አይደል?

"ጠዋት ጂም ሄጃለሁ፣ ከዛ በኋላ ብቀመጥ ምን አለበት"

የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 መመሪያው ላይ ሁለቱን ለያይቶ ነው ያስቀመጣቸው፣ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ አድርጉ፣ መቀመጥም ቀንሱ ብሎ። ሱስ ማገገሚያ ውስጥ ደሞ ቀኑ በወንበር ነው የሚያልቀው፣ የቡድን ውይይት ተቀምጦ፣ ቲቪ ተቀምጦ፣ ሲጋራው ራሱ ተቀምጦ። የሚደብረውንና ስራ የፈታውን ሰው ደሞ ሀራራ በቀላሉ ሊያገኘው ይችላል።

"ስፖርተኛ አይጠጣም"

ይሄን ያለው ሰው ከኳስ በኋላ የት እንደሚኬድ አያውቅም ማለት ነው። ሰዎች በየቀኑ የሚያደርጉትን አስመዝግበው የተሰሩ ጥናቶች እንቅስቃሴ በበዛበት ቀን የሚጠጣውም ሊበዛ እንደሚችል አሳይተዋል፣ "ዛሬ ለፍቻለሁ ይገባኛል" የምትለዋ ነገር ትመስለኛለች። ስለዚህ የጨዋታው ማብቂያ ሁሌ መጠጥ ቤት ከሆነ ጨዋታውን ሳይሆን ቡድኑን ቀይር።

"ካልከበደ ምን ዋጋ አለው"

አለው፣ በተለይ ለጀማሪ። ለዓመታት የተጠጣ አልኮል የልብን ጡንቻ ሊያደክምና የእግርን ነርቭ ሊጎዳ ስለሚችል ክብደት ማንሳትና ስፕሪንት (አጭር ፈጣን ሩጫ) ከመጀመርህ በፊት ተመርመር። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ የሚያጥርህ ወይ እግርህን የሚያደነዝዝህ ከሆነ ደሞ ለሀኪምህ ሳትነግር ምንም እንዳትጀምር።