በሎንግየርብየንና በኡትቂያግቪክ መካከል፦ ስለ ርቀቱና ስለ በረራ ሰዓቱ የሚባለውና እውነታው

ሎንግየርብየን በኖርዌይ ስቫልባርድ ደሴቶች፣ ኡትቂያግቪክ (እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ባሮው ትባል የነበረችው) ደግሞ በአላስካ ሰሜናዊ ጫፍ ይገኛሉ። ሁለቱም አውሮፕላን ማረፊያ አላቸው፤ ከሌላው ዓለም በመኪና መንገድ ግን አይገናኙም። በመካከላቸው ስላለው ጉዞ የሚነገረው አብዛኛው ስሕተት የሚጀምረው ከግድግዳ ካርታ ነው።

«አንዱ ከዓለም ዳር፣ ሌላው ከወዲያኛው ዳር ነው»

በካርታው ላይ አዎ፣ እንደዚያ ይመስላል። ጠፍጣፋ ካርታ ግን ወደ ሰሜን በወጣን ቁጥር መሬትን ወደ ጎን ይለጥጣል፤ አንዲት ነጥብ የሆነው ዋልታም ወይ ረጅም መስመር ይሆናል፣ ወይ ከነጭራሹ ከካርታው ይወጣል። ሁለቱን ከተሞች የሚለያያቸው 172 ዲግሪ ኬንትሮስ ነው። ይህ በኡትቂያግቪክ ኬክሮስ ዙሪያውን ሲለካ ከ6,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሉል ካላችሁ ግን ክር ወጥሩበት። ክሩ ከሰሜን ዋልታ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ያልፋል፤ ርዝመቱም ወደ 3,380 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ፣ በዚህ መስመር የሚሄድ አውሮፕላን ወደ ሰሜን ተነሥቶ፣ ይህ ነው የሚባል መታጠፍ ሳይታጠፍ፣ ወደ ደቡብ እየበረረ መድረሱ ነው።

«እንግዲያው አራት ሰዓት ተኩል ይበቃል»

ርቀቱን በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ለሚበር ጄት ብናካፍለው 4 ሰዓት ይመጣል፤ መነሻና ማረፊያው ሲጨመር 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሒሳቡ ልክ ነው። የጎደለው በዚያ መስመር የሚበር መደበኛ የመንገደኛ አውሮፕላን ነው። መንገደኛው መጀመሪያ ወደ ደቡብ ወደ ዋናው ኖርዌይ ይወርዳል፣ አትላንቲክን ይሻገራል፣ ከዚያ በአላስካ በኩል እንደገና ወደ ሰሜን ይወጣል። ጥበቃው ተደምሮ ከአንድ ቀን በላይ ሊወስድበት ይችላል። ርቀት የሚያሰሉ ድረ ገጾች የሚሰጡን ቁጥር የሰማዩን ነው፤ የጉዞውን የሚነግረን የበረራ መርሐ ግብሩ ነው።

«በቀጥታ የበረረው የለም»

አለ። በሚያዝያ 1928 እ.ኤ.አ. አሳሹ ሂዩበርት ዊልኪንስና አብራሪው ካርል ቤን አይልሰን ባለ አንድ ሞተር በሆነች ሎክሂድ ቬጋ አውሮፕላን ከባሮው ተነሥተው ስቫልባርድ ደረሱ። አየር ላይ ከ20 ሰዓት በላይ ቆዩ፤ መድረሻቸው አጠገብ ማዕበል ይዟቸው ሰው በሌለበት ደሴት አርፈው ቀናት ጠበቁ። በ1926 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ኖርጌ» የተባለችው የአየር መርከብ የዋልታ አሳሾቹን አሙንድሰንን፣ ኤልስዎርዝንና ኖቢሌን ይዛ ከስቫልባርድ በዋልታው ላይ አልፋ አላስካ ለመድረስ ሦስት ቀን ያህል ፈጅቶባታል።

«ብርዱ ነዳጁን ያረጋዋል»

ጄት ኤ-1 የተባለው ነዳጅ እስከ 47 ዲግሪ ከዜሮ በታች እንዳይረጋ ሆኖ ይመረታል፤ አብራሪዎችም ሙቀቱን ይከታተላሉ። የሚከብደው ሌላ ነው፦ ችግር ቢመጣ የሚታረፍበት ቦታ በዚያ አካባቢ በጣት የሚቆጠር ነው።

«የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ልዩነት የበረራው ርዝመት ነው»

ሁለቱም ሰዓቶች የየቦታው ናቸው። አላስካ ከስቫልባርድ 10 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ከሎንግየርብየን ከቀኑ 6 ሰዓት የተነሣ፣ 4 ሰዓት ተኩል በርሮ ኡትቂያግቪክ ሲደርስ በዚያው ቀን ገና ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል ነው። አሜሪካና አውሮፓ ሰዓታቸውን የሚያዛውሩበት ቀን ስለማይገጥም፣ በመጋቢትና በጥቅምት መጨረሻ ግድም ለጥቂት ጊዜ ልዩነቱ 9 ሰዓት ይሆናል።