ተከታታይ ምዘና ምንድን ነው?

«ተከታታይ ምዘና» የሚለው ስም ለማይገባው አሠራር ሲሰጥ ደጋግሜ በማየቴ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ። በቅርቡ አንድ አስተያየት ሰጪ የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን ሲመክሩ፣ እያንዳንዱ የክፍል ሥራ ከ5፣ እያንዳንዱ የቤት ሥራ ከ10 ተይዞ በሴሚስተሩ መጨረሻ ከተደመረ ተከታታይ ምዘና ተካሄደ ማለት እንደሆነ ጽፈዋል። እኔ ገና በመምህርነት ሥልጠና ላይ ያለሁ፣ ለተግባር ልምምድ ክፍል ገብቼ ሒሳብ የማስተምር ሰው ነኝ። እርሳቸው የገለጹት ግን አንዱን ፈተና ቆራርሶ በየሳምንቱ ማደል ነው፤ ተከታታይ ምዘና ተማሪው የገባውንና ያልገባውን በየጊዜው እያዩ ትምህርቱን በዚያው ማስተካከል ነው።

ማይክል ስክሪቨን እ.ኤ.አ. በ1967 ለትምህርት ፕሮግራሞች ግምገማ ያቀረበው፣ ቤንጃሚን ብሉም ብዙም ሳይቆይ ወደ ተማሪዎች ምዘና ያመጣው በገንቢና በማጠቃለያ ምዘና መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ወሳኝ ነው፤ ገንቢው ምዘና ሥራው በመካሄድ ላይ ሳለ ለማሻሻል ይደረጋል፣ ማጠቃለያው ደግሞ ሥራው ካለቀ በኋላ ለመፍረድ። አንድ ጥያቄ ከሁለቱ የየትኛው ወገን እንደሆነ ወረቀቱን በማየት አይታወቅም፤ የሚታወቀው መምህሩ መልሶቹን ካየ በኋላ በሚያደርገው ነገር ነው። ደብተሮቹ ሁሉ ታርመው፣ ነጥቡ ተመዝግቦ፣ ለማግስቱ የታቀደው ትምህርት አንድም ነገር ሳይለወጥበት ከቀጠለ፣ ምዘናው በየቀኑ ቢደረግም የተጠራቀመ ፍርድ ብቻ ነው።

የክፍል ሥራን እንውሰድ። ብዙ ተማሪዎች የሁለት ቁጥሮች ድምር ካሬ የየራሳቸው ካሬዎች ድምር ይመስላቸዋል። የ3 እና የ4 ድምር ካሬ 49 መሆኑን ይቀበላሉ፤ በቁጥሮቹ ፋንታ ፊደላት ሲገቡ ግን 9 እና 16 ደምሮ 25 እንደሚያወጣ ሰው ይሠራሉ። መምህሩ በወንበሮች መካከል እየተዘዋወረ ይህን ስህተት በሦስት አራት ደብተር ላይ ካየ፣ ጎኑ 7 የሆነ ካሬ ሰሌዳው ላይ ሥሎ፣ ጎኖቹን 3 እና 4 አድርጎ ከፍሎ፣ የጎደሉት 24 የት እንዳሉ፣ ማለትም ጎኖቻቸው 3 እና 4 የሆኑት ሁለቱ አራት ማዕዘኖች እያንዳንዳቸው 12 መሆናቸውን ያሳያል። የምዘናው ሥራ እዚያው፣ በዚያው ክፍለ ጊዜ ተፈጸመ። በዚያች ቅጽበት «ይህ ከ5 ይያዛል» ቢባል ኖሮ ግን ያልገባው ተማሪ ደብተሩን በክንዱ ይሸፍን፣ ወይም ዓይኑን ወደ ጎረቤቱ ይልክ ነበር፤ መምህሩም ሊያየው የሚገባው ስህተት ሳይታየው ያልፋል።

ሐኪም የተኛ በሽተኛን ሙቀት በየቀኑ የሚለካው መድኃኒቱን ለመቀጠል ወይም ለመለወጥ ነው። የ10 ቀኑን ሙቀት ደምሮ ለ10 አካፍሎ፣ በ10ኛው ቀን ትኩሳቱ የለቀቀውን ሰው «በአማካይ ታመሃል» ብሎ የሚያስቀር ሐኪም የለም፤ በመጀመሪያው ወር ያልገባውን በሦስተኛው ወር አጥርቶ የሚሠራ ተማሪ ግን የነጥቦቹ ድምር በዚሁ መንገድ ይፈርድበታል። ትኩሳት የሚያስቀጣ ቢሆን ደግሞ በሽተኛው ከመለካቱ በፊት ቀዝቃዛ ውኃ መጎንጨቱ አይቀርም፤ ነጥብ በሚያዝበት የቤት ሥራ ላይ የሚታየው ኩረጃ ይኸው ነው። ይህ ንጽጽር የሚያነክሰው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ቴርሞሜትር በሽታ አያድንም፣ ጥያቄን ከራስ ትውስታ መመለስ ግን በራሱ ያስተምራል። ሮዲገር እና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ፣ ጽሑፉን ደግመው ካነበቡት ይልቅ ያነበቡትን ከትውስታቸው እንዲጽፉ የተደረጉት ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታውሰዋል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ግን ብልጫው ደግመው ላነበቡት ነበር።

የቤት ሥራ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ከክፍሉ በጊዜ ስለሚርቅ ተማሪው ትንሽ ከረሳ በኋላ ለማስታወስ ይገደዳል። ስለዚህ ጥሩ የቤት ሥራ ከዛሬው ትምህርት አንድ ጥያቄ፣ ካለፈው ሳምንት ሌላ፣ ካለፈው ወር ደግሞ ሌላ ይቀላቅላል። ነጥብ መያዝ ይህን እንዴት ሊያበላሽ እንደሚችል ሮረር እና ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2007 ካሳተሙት ሙከራ መረዳት ይቻላል። የአራት ዓይነት ጠጣር አካላትን ይዘት ማስላት ከተማሩት መካከል፣ ልምምዱን በዓይነት በዓይነት የሠሩት በልምምዱ ጊዜ 89 በመቶ፣ ቀላቅለው የሠሩት 60 በመቶ አገኙ፤ ከሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና ግን የመጀመሪያዎቹ 20፣ የኋለኞቹ 63 በመቶ አመጡ። የልምምዱ ነጥብ ተይዞ ቢሆን ኖሮ፣ የሚሸለመው ብዙም የማያስተምረው የቤት ሥራ ነበር። የተሳተፉት የኮሌጅ ተማሪዎች መሆናቸውንና የተማሩት ርዕስም ጠባብ መሆኑን መግለጽ ይኖርብኛል፤ አቅጣጫው ግን ለእኛም ትምህርት ይሠራል።

አስተያየት ሰጪው «ነጥብ ካልተያዘበት ማን ይሠራል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም በብዙ ተማሪዎች ዘንድ ልማዱ እንዲህ ሆኗል። ሩት በትለር እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው ጥናት፣ አስተያየት ብቻ የተጻፈላቸው ተማሪዎች ሲሻሻሉ፣ ነጥብና አስተያየት አብሮ የተሰጣቸው ግን ነጥብ ብቻ ካገኙት ያን ያህል አልተሻሉም። ልጆቹ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በዕድሜ ያነሱ ቢሆኑም፣ ማንም መምህር የሚያውቀውን ነገር ያስረዳል፤ ተማሪ ከላይ የተጻፈውን ቁጥር አይቶ ከታች ያለውን አያነብም። በሒሳብ ሰው ዓይን ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የቤት ሥራ ከ10 ቢያዝና ሁሉም ተማሪ 9 ወይም 10 ቢያገኝ፣ ልዩነቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ በተማሪዎች ደረጃ ላይ የሚኖረው ድርሻ ከምንም አይቆጠርም፤ ደረጃውን የሚወስነው ነጥቦቹ የተበታተኑበት ፈተና ነው። መምህሩ ሲያርም ያመሸበት 10 ነጥብ ለፍርድም አልጠቀመም።

ከዚህ ተነሥተው «እንግዲያው የቤት ሥራ ይቅር፣ ሁሉም በክፍል ይሠራ» የሚሉ ሰዎችም አሉ። ሃሪስ ኩፐር ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ጥናቶችን ሲገመግም በቤት ሥራና በውጤት መካከል ያገኘው ዝምድና በከፍተኛ ክፍሎች ከዝቅተኛዎቹ የጠነከረ ነው። ዝምድና መንስኤ አይደለም፤ የተሻለ ተማሪ የቤት ሥራውን ይበልጥ ስለሚሠራም ሊሆን ይችላል። ሆኖም ይህ የሁለተኛ ደረጃን የቤት ሥራ ለመሰረዝ የሚያበቃ ማስረጃ አይደለም።

ነጥብ ሳይያዝ የቤት ሥራን ማሠራት የሚቻልበት መንገድ አለ። በማግስቱ ትምህርቱ ሲጀመር፣ ደብተር ተዘግቶ፣ ከቤት ሥራው አንዱ ጥያቄ ቁጥሩ ተለውጦ በቁራጭ ወረቀት ላይ ይሠራል። የኮረጀው ተማሪ ያልገባውን እዚያው ይለየዋል፣ የሠራው ድካሙ ሲከፍለው ያያል፣ መምህሩም ወረቀቶቹን «ገብቶታል»፣ «ሊገባው ተቃርቧል» እና «እንደገና ላስተምረው» ብሎ በሦስት ለይቶ የቀጣዩን ክፍለ ጊዜ ዕቅድ ያስተካክላል። ትምህርት ቤቱ የግድ ነጥብ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ምዕራፉ ሲያልቅ በክፍል ውስጥ ከሚሠራ ፈተና ይወሰድ፤ እስከዚያ ድረስ ያሉት ስህተቶች ከማንም ውጤት ላይ መቀነስ የለባቸውም።