ፊንጢጣ አካባቢ የሚወጣ እብጠት፦ መንስኤውና ሕክምናው

ፊንጢጣው አጠገብ እብጠት ያገኘ ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው ኪንታሮትን (ሄሞሮይድን) ነው። ብዙ ጊዜ ግምቱ ልክ ነው። ግን ሌሎችም መንስኤዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ጊዜ አይሰጡም። ስለዚህ አፍሮ ደብቆ መቆየት ጥሩ አይደለም።

ኪንታሮት የፊንጢጣ ደም ሥሮች ሲያብጡ የሚመጣ ነው። የሆድ ድርቀት፣ አብዝቶ ማማጥ፣ ሽንት ቤት ላይ ረጅም ሰዓት መቀመጥና እርግዝና ያባብሱታል። የውስጠኛው ብዙም አያምም፤ ደማቅ ቀይ ደም ያሳያል፣ ሲብስም ወደ ውጭ ይወጣል። በውጭኛው ውስጥ ደም ሲረጋ ግን ጠጠር ያለና የጠቆረ እብጠት ድንገት ብቅ ይላል። መቀመጥ እንኳ ይከለክላል። ሕመሙ የሚብሰው በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ነው፤ ከዚያ በራሱ ይቀልላል። በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ጋ ከተደረሰ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል።

ቀላል ለሆነው ኪንታሮት ሰገራን ማለስለስ ዋናው መድኃኒት ነው። በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም ፋይበር የሚሰጥ ምግብና በቂ ውሃ ያስፈልጋል። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቀመጥ ሕመሙን ያስታግሳል። በዚህ ያልተሻለውን የውስጥ ኪንታሮት ሐኪሙ ሥሩን በጎማ ያስረዋል፤ ደም ሲቋረጥበት ደርቆ ይወድቃል። የከፋው በቀዶ ሕክምና ይወጣል።

የሚጠዘጥዝ፣ ቀይና ትኩስ የሆነ፣ ከቀን ወደ ቀን የሚያድግ እብጠት መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ከተጨመረበት በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል፤ በተለይ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ማደር የለበትም። አንቲባዮቲክ መዋጥ ብቻውን አይበቃም፤ መግሉ ተከፍቶ መፍሰስ አለበት። አንዳንዴ ከዳነ በኋላ ፊስቱላ የሚባል ቀዳዳ ትቶ ፈሳሽ ያመጣል፤ እሱም የራሱ ቀዶ ሕክምና አለው።

አበባ ጎመን የሚመስሉ ትናንሽ እብጠቶች ደግሞ ኤችፒቪ በተባለ ቫይረስ ይመጣሉ፤ በአብዛኛው የሚተላለፈውም በወሲብ ንክኪ ነው። በሚቀባ መድኃኒት፣ በማቀዝቀዝ ወይም በማቃጠል ይወገዳሉ፤ ቫይረሱ ግን ሊቆይ ስለሚችል ሊመለሱ ይችላሉ። ክትባት አለው።

ከቆየ የፊንጢጣ ስንጥቅ ወይም ከዳነ ኪንታሮት የሚቀር ለስላሳ የቆዳ ትርፍ ጉዳት የለውም።

የፊንጢጣ ካንሰር ብዙ አያጋጥምም፤ ሲጀምር ግን በቀላሉ ኪንታሮት ይመስላል። በጥቂት ሳምንታት ያልጠፋ፣ የጠጠረ ወይም የሚደማ እብጠት መታየት አለበት። ምርመራው ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፦ ሐኪሙ አይቶ፣ በጓንት ዳስሶ፣ ካስፈለገ በትንሽ መሣሪያ ውስጡን ያያል። እስከዚያ ድረስ እብጠቱን መጭመቅ፣ መብሳትም ሆነ ቤት ውስጥ መቁረጥ አይገባም።