ሜጋሎዶን ለምን ሦስት ስም ኖረው?

ከምድር ስለጠፋው ግዙፍ ሻርክ ስለ ሜጋሎዶን የሚያነብ ሰው አንዱ ጋ «ካርካሮዶን ሜጋሎዶን»፣ ሌላው ጋ «ካርካሮክልስ ሜጋሎዶን»፣ አዳዲስ ጽሑፎች ላይ ደግሞ «ኦቶደስ ሜጋሎዶን» የሚል ያገኛል። ሦስቱም ያው አንድ ሻርክ ናቸው።

በሳይንሳዊ ስም የመጀመሪያው ቃል ጂነሱን (ተቀራራቢ ዝርያዎች የሚመደቡበትን ቡድን)፣ ሁለተኛው ዝርያውን ያመለክታል። ዝርያው ሁለተኛ ስሙን እንደያዘ ወደ ሌላ ጂነስ ሊዛወር ይችላል።

የተፈጥሮ ተመራማሪው ሉዊ አጋሲ እ.ኤ.አ. በ1843 ይህን ሻርክ ከዛሬው ታላቁ ነጭ ሻርክ ጋር ካርካሮዶን ውስጥ መደበው። አይፈረድበትም። የሻርክ አጽም ለስላሳ ስለሆነ እምብዛም ቅሪተ አካል አይሆንም፤ በእጁ የነበረው ጥርስ ነው፤ የሁለቱም ጥርስ ሦስት ማዕዘን፣ ጠርዙም እንደ መጋዝ ነው።

ኋላ ግን የተለያየ ዘመን ጥርሶች ጎን ለጎን ሲታዩ ነገሩ ተለወጠ። የጥንቱ ኦቶደስ ጥርስ ጠርዙ ልሙጥ ሲሆን፣ ከሥሩ ግራና ቀኝ ትንንሽ ሾጣጣዎች ነበሩት። በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ጠርዙ መጋዝ እያወጣ፣ ሾጣጣዎቹ እየጠፉ ሄዱና ሜጋሎዶን ላይ ተደረሰ። ነጩ ሻርክ መጋዙን ያገኘው በሌላ የዘር ሐረግ፣ ለብቻው ነው። ካርካሮክልስ የሚሉት ባለ መጋዞቹን ከልሙጦቹ መለየት የሚፈልጉ ናቸው፤ ለእኔ ግን ሰንሰለቱን ሳይቆርጥ የሚይዘው ኦቶደስ ይሻላል።

ብዙዎችን የሚያደናግረው ቅንፉ ነው፦ ኦቶደስ ሜጋሎዶን (አጋሲ፣ 1843)። ቅንፉ ሰያሚው ዝርያውን መጀመሪያ ሌላ ጂነስ ውስጥ እንዳስቀመጠው ይናገራል። ጂነሱ ባይቀየር ኖሮ የአጋሲ ስም ያለ ቅንፍ ይጻፍ ነበር። ታላቁ ነጭ ሻርክም ቢሆን ከቅንፍ አላመለጠም፤ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ በ1758 ሲሰይመው ስኳለስ በተባለ ሌላ ጂነስ ውስጥ ነበር የከተተው።