ከፒትስበርግ ፓይሬትስ የለቀቁ ተጫዋቾች ምን ይሆናሉ?

የአሜሪካው ቤዝቦል ቡድን የፒትስበርግ ፓይሬትስ ደጋፊዎች አንድ የቆየ ብሶት አላቸው። ልጁ እኛ ጋ እያለ ያንቀላፋል፣ ሌላ ቡድን በገባ በዓመቱ ኮከብ ይሆናል ይላሉ። ነገሩ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን የማስታወስ ጉዳይ ነው፤ ሄዶ የደመቀውን ሁሉም ያነሳዋል፣ ሄዶ የጠፋውን ማንም አይቆጥረውም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ለምን እንደሚለቁ እንይ። የአሜሪካው ሜጀር ሊግ ቤዝቦል የደመወዝ ጣሪያ የለውም። ሀብታም ቡድን ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ግብር ይከፍላል እንጂ የፈለገውን ያህል ማውጣት ይችላል። ተጫዋቹ ደግሞ በሊጉ ስድስት የአገልግሎት ዓመት እስኪሞላው ድረስ የቡድኑ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለፈለገው ይፈርማል። ፒትስበርግ ትንሽ ገበያ ስለሆነ ስድስቱ ዓመት ሲቃረብ ያው ሁለት መንገድ ነው የሚቀረው፦ ዝም ብሎ ማየትና በነጻ ማጣት፣ ወይም ቀደም ብሎ በወጣት ተጫዋቾች መለወጥ። በእግር ኳስ ሻጭ ክለብ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ በምትኩ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ሳይሆን ሌላ ተጫዋች መሆኑ ነው።

የብሶቱ ሁሉ እናት ኦክቶበር 14 ቀን 1992 ናት። ቦታው አትላንታ፣ ተጋጣሚው ብሬቭስ፣ ጨዋታው የግማሽ ፍጻሜው ተከታታይ ሰባተኛውና የመጨረሻው። ያሸነፈ ወደ ዓለም ተከታታይ (ወርልድ ሲሪስ፣ የዋንጫው ፍጻሜ) ያልፋል። ፓይሬትስ እስከ ዘጠነኛውና የመጨረሻው ኢኒንግ (የጨዋታው ዙር) ድረስ 2 ለ 0 እየመራ ነበር። ከዚያ ነገሩ ተበላሸ፤ ብሬቭስ አንድ አገቡ። ፍራንሲስኮ ካብሬራ የሚባል ተቀያሪ ኳሷን ወደ ግራ መታት፣ አንዱ ሯጭ ገብቶ አቻ አደረገ፣ ከሁለተኛው ቤዝ (ሯጮች ከሚያርፉባቸው ጣቢያዎች አንዱ) ደግሞ ሲድ ብሪም መሮጥ ጀመረ። ብሪም ማለት ጉልበቱ ደጋግሞ የተቀደደ፣ በሜዳው ላይ ካሉት ሁሉ ቀርፋፋው ሰው ነው። ግራ ሜዳ ላይ የነበረው ባሪ ቦንድስ ኳሷን አንስቶ ወረወረ፤ ትንሽ ወደ ጎን ሄደችበት። ያዡ (ቤቱ የሚባለውን የመጨረሻውን ቤዝ የሚጠብቀው) ተዘርግቶ ሲመለስ የብሪም እግር ቤቱን ነክቷል። 3 ለ 2 አለቀ። ብሪም ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት የፓይሬትስ ተጫዋች ነበር! ቡድኑን ያሰናበተው የራሱ የድሮ ልጅ ነው።

ያቺ ውርወራ ቦንድስ ለፒትስበርግ የወረወራት የመጨረሻዋ ሆነች። ውድድሩ ባለቀ በወራት ውስጥ በስድስት ዓመት 43.75 ሚሊዮን ዶላር ለሳን ፍራንሲስኮ ጃይንትስ ፈረመ፤ በጊዜው ክብረ ወሰን ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 46 ሆም ረን (ኳሷን ከአጥር ውጪ የሚያወጣ ምት) መትቶ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በ2001 በአንድ የውድድር ዘመን 73 መታ። በሙያ ዘመኑ ከመታቸው 762 ሆም ረኖች 586ቱ የጃይንትስ ናቸው። ስለ አበረታች መድኃኒት የተነሳው ክርክር ግን ተከትሎት ሄዷል፤ ጋዜጠኞቹ አሥር ጊዜ ድምፅ ሰጥተው ወደ ዝና አዳራሽ (የታላላቅ ተጫዋቾች መዘክር) አላስገቡትም። ፓይሬትስስ? ከ1993 እስከ 2012 ሃያ ዓመት በተከታታይ ከማሸነፍ ይልቅ መሸነፍ የበዛበት ሆነ። በሰሜን አሜሪካ ትልልቅ ስፖርቶች እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም።

ግን የዚያን ጊዜ የለቀቁት ሁሉ ቦንድስ አልሆኑም። በ1990 የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ ሆኖ የሳይ ያንግ ሽልማት የወሰደው ዳግ ድራቤክ ከቦንድስ ጋር በአንድ ጊዜ ወጥቶ ሂውስተን ገባ፤ በመጀመሪያው ዓመት 9 አሸንፎ 18 ተሸነፈ (በቤዝቦል ድሉም ሽንፈቱም በወርዋሪው ስም ይመዘገባል)። ይሄን ማን ያነሳዋል? ቦቢ ቦኒያ ደግሞ ከነሱ አንድ ዓመት ቀድሞ በአምስት ዓመት 29 ሚሊዮን ዶላር ወደ ሜትስ ሄደ። ሜዳ ላይ የተጠበቀውን ያህል አልሆነም፣ በ1997 ግን ከድሮው የፓይሬትስ አሰልጣኝ ከጂም ሌይላንድ ጋር በፍሎሪዳ ማርሊንስ ዋንጫ አነሳ። ዛሬ ስሙ የሚጠራው በሌላ ምክንያት ነው። ሜትስ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሰናብተው ቀሪውን 5.9 ሚሊዮን ዶላር ከወለድ ጋር በየዓመቱ ሊከፍለው ተስማማ። ከ2011 ጀምሮ እስከ 2035 ድረስ፣ በየዓመቱ ጁላይ 1 ቀን ወደ 1.19 ሚሊዮን ዶላር ይገባለታል። ዱላ ከጣለ ስንት ዘመኑ ነው፣ ሰውየው ግን አሁንም ደመወዝተኛ ነው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ቲም ዌክፊልድ ነው። ፓይሬትስ ያመጡት መቺ ይሆናል ብለው ነበር፤ አልሆነም። ከዚያ ነክልቦል የምትባለዋን፣ ሳትሽከረከር እየዋለለች የምትሄደዋን ኳስ መወርወር ጀመረና በ1992 ስምንት አሸንፎ አንድ ብቻ ተሸነፈ፣ ያንን የአትላንታ ቡድንም በተከታታዩ ውስጥ ሁለቴ ረታ። በሁለት ዓመት ውስጥ ኳሷ አልታዘዝ አለችው። በኤፕሪል 1995 አሰናበቱት። ቦስተን ሬድ ሶክስ በቀናት ውስጥ አነሱት፣ እሱም የዚያን ዓመት ውድድር 14 አሸንፎ አንድ ብቻ ተሸንፎ ጀመረ። ከዚያ 17 ዓመት እዚያው ቆየ። 200 ጨዋታ ካሸነፈው 186ቱ ለቦስተን ነው፣ ሁለት ዋንጫም አለው፣ የ2004 እና የ2007።

ሆሴ ባውቲስታም ከዚሁ መደብ ነው። በኦገስት 2008 ሮቢንዞን ዲያስ በሚባል ያዥ ተለውጦ ቶሮንቶ ሄደ። እስከዚያ ድረስ በአንድ ዓመት ከ16 ሆም ረን በላይ መትቶ አያውቅም። ቶሮንቶ ላይ አመታቱን ለወጡለት፤ እግሩን ቀደም ብሎ እንዲያነሳ፣ ቶሎ እንዲዘጋጅ አደረጉት። በ2010 54 ሆም ረን መታ። ለዚህ ፒትስበርግን ብቻ መውቀስ ግን ይከብዳል፣ ከሱ በፊት በየቡድኑ ሲንከራተት ያዩት ሁሉ አላወቁትም።

ወርዋሪዎቹ ላይ ሲደረስ ግን የደጋፊው ብሶት እግር አለው። በ2010ዎቹ ፓይሬትስ አንድ ትምህርት ነበራቸው፦ ወደ ታች የምትሰምጥ ፈጣን ኳስ ወርውር፣ መቺው መሬት ለመሬት ይምታት፣ ተከላካዮች ይጨርሱታል። ለተወሰኑ ዓመታት ሠራ፤ ከ2013 እስከ 2015 ሦስት ዓመት በተከታታይ ወደ ጥሎ ማለፉ አስገባቸው። ከዚያ መቺዎች የሚሰምጠውን ኳስ ከታች ዝቀው ማንሳት ለመዱ። ሌሎች ቡድኖች ተቀየሩ፣ እነሱ ዘገዩ።

ጌሪት ኮልን እንውሰድ። በ2015 19 ጨዋታ አሸንፏል፣ ስለዚህ አንቀላፍቶ ነበር ማለት ውሸት ነው። በ2017 ግን 12 አሸንፎ 12 ተሸነፈ። በጃኑዋሪ 2018 ሂውስተን አስትሮስ በአራት ተጫዋች ለወጡት፣ የሚሰምጠውን ኳስ ተው፣ ፈጣኗን ከፍ አድርገህ ወርውር፣ የምትታጠፈዋንም ጨምር አሉት። በ2019 326 ጊዜ መቺዎችን በስትራይክአውት (ኳሷን መምታት አቅቷቸው) አስወጣ። ከዚያ ያንኪስ በዘጠኝ ዓመት 324 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙት፣ በ2023 ሳይ ያንግን ወሰደ። ቻርሊ ሞርተንም እንደዚሁ ነው። በ2017 የዓለም ተከታታዩን ሰባተኛ ጨዋታ ለአስትሮስ አራት ኢኒንግ ወርውሮ የዘጋው እሱ ነው። በ2021 ከብሬቭስ ጋር ሆኖ በዓለም ተከታታይ የመጀመሪያ ጨዋታ የተመታች ኳስ እግሩን ሰበረችው፤ በተሰበረ እግር 16 ኳስ ጨምሮ ወረወረ።

ከሁሉም የሚያመው የጁላይ 31 ቀን 2018 ልውውጥ ነው። ፓይሬትስ ክሪስ አርቸርን ለማግኘት ታይለር ግላስኖውን፣ ኦስቲን ሜዶውስንና ሼን ባዝን ለታምፓ ቤይ ሰጡ። አርቸር በቀጣዩ ዓመት 3 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። ግላስኖው ፒትስበርግ እያለ በ2017 በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ ከሰባት ነጥብ በላይ የሚቆጠርበት ልጅ ነበር። ዶጀርስ በአምስት ዓመት 136.5 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙት፣ በ2025 የዓለም ተከታታይ ስድስተኛ ጨዋታ ላይም ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ገብቶ በሦስት ኳስ ሦስት ሰው አስወጥቶ ጨዋታውን ዘጋ።

በሌላ በኩል ጄሰን ቤይ አለ። ፒትስበርግ ላይ ኮከብ ነበር፣ ቦስተንም ጥሩ ቆየ፣ ከሜትስ ጋር የአራት ዓመት 66 ሚሊዮን ዶላር ውል ሲፈርም ግን አለቀለት፤ በሦስት ዓመት 26 ሆም ረን ብቻ። አንድሪው ማካቺን፣ የ2013 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች፣ በ2018 ተለውጦ ከወጣ በኋላ አራት ቡድን አዳርሷል፣ በ2019 ጉልበቱ ተበጥሷል፣ ያን ድሮ የነበረውን አልሆነም። በ2023 ወደ ፒትስበርግ ተመለሰና 2,000ኛ ምቱን እዚያው መታ። በነገራችን ላይ በሱ ምትክ ከመጡት አንዱ ብራያን ሬይኖልድስ ነው፣ ስለዚህ ያ ልውውጥ ፓይሬትስን አልጎዳም።

አሁን ወሬው ሁሉ ስለ ፖል ስኪንስ ነው። በ2023 ከአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ አንደኛ ወጣ፣ በ2024 የዓመቱ አዲስ ተጫዋች፣ በ2025 ሳይ ያንግ። በዚያ ዓመት በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ ሁለት ነጥብ እንኳ አልተቆጠረበትም፣ ቡድኑ ነጥብ ስለማያገባለት ግን 10 አሸንፎ 10 ተሸነፈ። ነጻ የሚሆነው ከ2029 ውድድር በኋላ ነው፤ ፓይሬትስ ከዚያ በፊት በረጅም ውል ካላሰሩት የያንኪስና የዶጀርስ ሰዎች ስልኩን ይዘው ይጠብቁታል።