ካርተር፣ ደርግ እና የሻከረው ወዳጅነት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ውስጥ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ከአዛውንቶች ጋር የተቀመጠ ሰው፣ ወሬው ወደ ውጭ መንግሥታት ሲዞር የጂሚ ካርተርን ስም መስማቱ አይቀርም። በተለይ ሰውየው በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በ100 ዓመታቸው ካረፉ ወዲህ፣ «ከአሜሪካ ያቆራረጠን እሱ ነው» የሚሉና «ዓይናችንን ያተረፈልን እሱ ነው» የሚሉ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። ሁለቱም ወገኖች ከነገሩ ጥቂት ጥቂት ይዘዋል፤ የተቀረውን ግን ወሬ ሞልቶታል። በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

«ካርተር ሥልጣን በያዙ ማግስት የቆየውን ወዳጅነት ብቻቸውን አፈረሱት»

ወዳጅነቱ በእርግጥ የቆየ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ከአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር ጋር የንግድ ውል የተፈራረሙት በ1896 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ ግንኙነቱን ወደ ወታደራዊ ትብብር ያሸጋገረው በግንቦት 1945 ዓ.ም. የተፈረመው ስምምነት ሲሆን፣ በዚህ መሠረት አሜሪካ አስመራ በነበረው የቃኘው መገናኛ ጣቢያ ለ25 ዓመታት ስትገለገል ኢትዮጵያ በአንጻሩ የጦር መሣሪያና ሥልጠና ታገኛለች። (ጣቢያው ስሙን የወረሰው ኮሪያ ከዘመተው የቃኘው ሻለቃ ነው፤ ሻለቃው ደግሞ ከሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ከራስ መኮንን የፈረስ ስም። ስለዚህ የሸዋ ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ ባዕድ አይደለም።)

በዚህ ዓይነት የተሠራ ወዳጅነት ዕድሜው በጣቢያው ጥቅም ይለካል። የሳተላይት መገናኛ ሲስፋፋና አሜሪካ በሕንድ ውቅያኖስ ዲዬጎ ጋርሺያ ላይ ሰፈር ስትሠራ፣ ቃኘው በሺዎች ይቆጠሩ የነበሩት ሠራተኞቹ ተመናምነው ካርተር ሥልጣን በያዙበት በጥር 1969 ዓ.ም. የቀሩት ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አፄ ኃይለ ሥላሴም ቢሆኑ በ1965 ዓ.ም. ዋሽንግተን ሄደው የጠየቁትን መሣሪያ ሁሉ አላገኙም፤ በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንቱ ኒክሰን ነበሩ።

በኢትዮጵያ በኩልም ፊት ማዞሩ ቀድሞ ተጀምሯል። ደርግ ከሶቪየት ኅብረት ጋር በምስጢር የመሣሪያ ስምምነት የተፈራረመው በታኅሣሥ 1969 ዓ.ም.፣ ማለትም ካርተር ቃለ መሐላ ከመፈጸማቸው በፊት ነው። ይህን ለአንድ የመሐል ሜዳ ተወላጅ፣ የቀድሞ ሚሊሻ ለነበሩ አባት ስነግራቸው ለማመን አልፈለጉም። «እኔ የማውቀው የአሜሪካውን ኤም ዋን ጠመንጃ ነበር፤ ታጠቅ ገብቼ ስወጣ ግን በትከሻዬ የራሺያ መሣሪያ ነበር፤ አሜሪካ ስለከዳችን ነዋ!» አሉኝ። ምስክርነታቸውን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን የራሳቸው ታሪክ መልሶ እኔን ይደግፈኛል። በ1969 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ታጠቅ ጦር ሰፈር በገበሬ እጅ የገባ መሣሪያ፣ ውሉ ከወራት በፊት ካልታሰረ በዚያ ፍጥነት ባሕር ተሻግሮ ሊደርስ አይችልም።

«ካርተር እርዳታን በሙሉ ቆረጡ»

የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳይረስ ቫንስ በየካቲት 1969 ዓ.ም. በሰብዓዊ መብት ምክንያት እርዳታ እንደሚቀነስባቸው ያስታወቁት አርጀንቲናን፣ ኡራጓይንና ኢትዮጵያን ነው። የተነካው በነፃ የሚሰጠው ወታደራዊ እርዳታ እንጂ በግዥ የሚመጣው መሣሪያ አልነበረም። የግዥው መሣሪያ የታገደው ከሁለት ወር በኋላ፣ ደርግ የራሱን እርምጃ ሲወስድ ነው። ሰበቡ ግን ፈጠራ አልነበረም፤ ጥር 26 ቀን የደርጉ ሊቀ መንበር ጄኔራል ተፈሪ በንቲና ባልደረቦቻቸው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ተገድለው መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሥልጣኑን ጠቅልለው ይዘው ነበር። ካርተርን የምወቅስበት ነገር ቢኖር፣ ስለ ሰብዓዊ መብት ሲናገሩ ስልታዊ ወዳጅ በሆኑት አንዳንድ መንግሥታት ላይ ያንኑ ሚዛን አለመጠቀማቸው ነው።

«አሜሪካኖች ጥለውን ሄዱ፤ ኤምባሲውም ተዘጋ»

አልተዘጋም። ሚያዝያ 15 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ እንዲዘጉ ያዘዘው አምስት ድርጅቶችን ነበር፦ የቃኘው ጣቢያ፣ የአስመራው ቆንስላ፣ የማስታወቂያ አገልግሎቱ ከነቤተ መጻሕፍቱ፣ የወታደራዊ አማካሪዎች ጓድና የባሕር ኃይሉ የሕክምና ምርምር ጣቢያ። ሠራተኞቹም በጥቂት ቀናት ውስጥ አገር ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ። አሜሪካ ቃኘውን በጥቂት ወራት ውስጥ ለመዝጋት አስቀድማ አቅዳ ነበርና፣ ደርግ ያባረረው ጓዙን እየሸከፈ የነበረን እንግዳ ነው ማለት ይቻላል። ኤምባሲው ግን አዲስ አበባ ቀረ። በ1972 ዓ.ም. አምባሳደሩ እንዲወጡ ከተደረገ በኋላም እስከ ደርግ ፍጻሜ በጉዳይ ፈጻሚ ደረጃ ሠርቷል። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ፣ ከይፋት ቆላ አንሥቶ ወደ ሰሜን ሕዝቡ ሲራብ ከመጡት እህሎች መካከል የአሜሪካ ስንዴ የነበረውም መንግሥታቱ እንደተኳረፉ ሳሉ ነው።

«ዚያድ ባሬን አስታጥቀው ያዘመቱብን ካርተር ናቸው»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ዋሽንግተን ለሶማሊያ የመከላከያ መሣሪያ ለመስጠት «በመርሕ ደረጃ» ፈቃደኛ መሆኗን ገልጣለች፤ ይህ ቃል የሶማሊያውን መሪ ዚያድ ባሬን አላደፋፈረም ብሎ የሚከራከር ሰው ብዙ አድማጭ አያገኝም። የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን መግባቱ ሲረጋገጥ ግን ካርተር ቃሉን አጥፈው ለሁለቱም ወገን መሣሪያ ላለመስጠት ወሰኑ። ሶማሊያ የተዋጋችው ቀድሞ በሶቪየት ኅብረት በታጠቀችው መሣሪያ ነው። እንዲያውም በኦጋዴን ሰማይ ላይ የሶማሊያ አብራሪዎች ሶቪየት ሠራሽ ሚግ ሲያበሩ፣ የኛዎቹ እየመቱ የጣሏቸው አሜሪካ ሠራሽ በሆነው ኤፍ 5 ነበር። ዚያድ ባሬ በኅዳር 1970 ዓ.ም. የሶቪየት አማካሪዎችን ሲያባርሩ ሶቪየቶች ሙሉ በሙሉ ወደ ኢትዮጵያ ዞሩ፤ በኩባ ወታደሮች እርዳታ ጅጅጋ ከሶማሊያ ጦር የተመለሰችው በየካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው። በዚያው የካቲት የካርተር መልእክተኛ ዴቪድ አሮን አዲስ አበባ መጥተው፣ የኢትዮጵያ ጦር የሶማሊያን ድንበር እንደማያልፍ ከመንግሥቱ ማረጋገጫ ተቀብለዋል። አሜሪካ ከሶማሊያ ጋር የበርበራን ወደብ ውል ያሰረችው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ1972 ዓ.ም. ነው።

«የዓይን ማዙ መድኃኒት የአሜሪካ መንግሥት ካሣ ነው»

ይህ ደግሞ የሁለተኛው ወገን ስሕተት ነው። የካርተር ማዕከል ሰውየው ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ የተመሠረተ፣ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ነው። ካርተር በዚሁ ማዕከል በኩል በ1982 ዓ.ም. መባቻ የደርግንና የሻዕቢያን ተወካዮች አትላንታ ላይ አቀራርበው አነጋግረዋል፤ ንግግሩ ፍሬ ባያፈራም። በአማራ ክልል ለትራኮማ የሚታደለው መድኃኒት የፋይዘር ኩባንያ ልገሳ ነው፤ ማዕከሉ ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር እየሠራ ያሠራጨዋል። እደላውን ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሰው ሁሉ ምልክት ከተደረገበት ረጅም እንጨት ጎን ጫማውን አውልቆ ይቆማል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም እንጨቱ ላይ ቁመቱን አንብባ የክኒኑን ቁጥር ትወስናለች፤ ሕፃናቱ ሽሮፕ ይሰጣቸዋል። የቀድሞው ሚሊሻም በዚሁ እንጨት ተለክተው አራት ክኒን እንደዋጡ ነግረውኛል፤ የማን እንደሆነ ግን አልጠየቁም።